አውራ ጣት የምታህል ቦታ

በእኛ ሰፈር ለልጅ የሩጫ ጫማ ሊገዛ ሲታሰብ እኔን ሳይጠሩ አይሄዱም። «እማማ ብርቅነሽ ይምጡና ይንኩት» ይላሉ። እኔም ነጠላዬን ደርቤ አብሬያቸው አዲሱ ገበያ እሄዳለሁ። ልጁን ቀጥ አድርጌ አቆመዋለሁ፤ ተቀምጦ የተለካ ጫማ ዋጋ የለውም፣ እግር የሚዘረጋው ክብደት ሲያርፍበት ነው። ተረከዙን ወደ ኋላ አስጠግቼ የጫማውን ጫፍ በአውራ ጣቴ እጫነዋለሁ። ከልጁ ጣት ፊት አውራ ጣቴን የምታህል ባዶ ቦታ ካለች ይገዛል፤ ከሌለች ይመለሳል። ልጆቹ ይስቁብኛል። «እማማ፣ ቁጥሩ እኮ ተጽፎበታል» ይሉኛል። ይሳቁ። እየሳቀም ቢሆን የሚሰማኝ ልጅ ይበቃኛል።

ይህን ነገር ከየት እንደተማርኩት ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ዛሬ ልንገራችሁ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ወጌ ቢንጋደድ እናንተ አቃኑት።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ። እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነኝ። ጉለሌ ውስጥ፣ ወደ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ከእናቴ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። እናቴ ጽጌረዳ ትባላለች። ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ነበረች፤ ቁስል ታጥባለች፣ መርፌ ትወጋለች፤ እጇ ሁልጊዜ አልኮል አልኮል ይሸታል። አባቴን ወልዱን አላውቀውም። ጡት ሳልጥል ነው የሞተው።

ግቢው ውስጥ ልጆች ሞልተዋል፤ ከእኔ ጋር ግን አይጫወቱም ነበር። እናቴ ጴንጤ ናት። «ጴንጤዋ መጣች» ይሉና ክቡን ያጠብባሉ። መሐረቤን ያያችሁ ሲጫወቱ አጥሩን ተደግፌ አያለሁ፤ መሐረቡ እኔ ጋ አይደርስም። ስለዚህ መሮጥ ጀመርኩ። ሩጫ ሁለተኛ ሰው አይጠይቅም። ከግቢያችን በር ተነሥቼ፣ የሸማኔዎቹን ቤት አልፌ፣ አቀበቱን በባዶ እግሬ እወጣውና ትንፋሼ ሲያልቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ከተማውን ቁልቁል አያለሁ። የሚጠራኝ የለም። አመሻሹ ላይ የእናቴን ነጭ ጋውን ከሩቅ ሳይ ብቻ ነው ወደ ታች የምበረው።

በዚያ ዓመት ለየካቲት በዓል የቀበሌያችን ሕፃናት እስከ ቁስቋም በር ይሮጣሉ ተባለ። ቀድሜ የተመዘገብኩት እኔ ነበርኩ። አንደኛ ብወጣ መሐረቡ የሚደርሰኝ መስሎኝ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አንድ ወጣት አልጋችን ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁ። እናቴ ክንዱን ታጥባለች።

«ቶለሳ ይባላል» አለችኝ። «ባሕር ዛፍ ላይ ወጥቶ ወድቆ ነው። ሳህኑን ያዢልኝ።»

ያዝኩላት። ውሃው ቀላ። ልጁ ጥርሱን እንደነከሰ ፈገግ ሊልልኝ ሞከረ።

«ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

«አራተኛ።»

«ጎበዝ» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ከዛፍ የወደቀ ሰው ክንዱ ላይ ክብ ቀዳዳ እንደማይኖረው ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል። ያኔ ያስፈራኝ ሌላ ነበር፤ እኔም ዛፍ መውጣት እወድ ስለነበር ከዚያ ቀን በኋላ ተውኩት።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ የአባቴ እህት እትዬ ደሳለች መጣች። እትዬ ደሳለች ፈትል እየገዛች ለሸማኔዎች የምትሸጥ ሴት ናት፤ ቀሚሷ ላይ የጥጥ ብናኝ አይጠፋም። ጾሟን የማትገድፍ የቤተ ክርስቲያን ሰው ስለሆነች የእናቴ ሃይማኖት አይዋጥላትም፤ እኛም ቤት እምብዛም አትመጣም። ያን ቀን ግን በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

«ያን ልጅ፣ ቶለሳን፣ ትናንት ወስደውታል» አለች።

እናቴ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። «ማን ነገረሽ?»

«ሰው። ጽጌ፣ እስከ መቼ ይችላል ብለሽ ነው?»

«አይናገርም።»

«ሥጋ ነው። ይናገራል።»

ከዚያ እናቴ ወደ እኔ ሳታይ «ብርቄስ?» አለች።

«ብርቄ የወንድሜ ልጅ ናት።»

እኔ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ቶለሳን ሆስፒታል የወሰዱት መሰለኝ። ስለ እኔ የተነሣው ደግሞ በሩጫው ቀን ማን ይዟት ይሂድ ተብሎ ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ እትዬ ደሳለች ልታየኝ ልትመጣ ነው። ስትወጣ ራሴን ዳበሰችኝ። አድርጋው አታውቅም ነበር።

በነጋታው እናቴ «የሩጫ ጫማ ልገዛልሽ ነው» አለችኝ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በደስታ መቀመጥ አቃተኝ። አሁኑኑ እንሂድ እያልኩ ስነጫነጭ «እግር ጠዋት ውሸታም ነው» አለችኝ፤ «ውሎ ሲያብጥ ነው ልኩን የሚናገር።» ከሰዓት በኋላ ሄድን። አዲሱ ገበያ ጋሽ ያሕያ የሚባሉ ጫማ ሻጭ ነበሩ። ጆንያ አንጥፈው፣ የላስቲኩን፣ የቻይና ሸራውን፣ ሰልባጁን ደርድረው ይቀመጣሉ። ቀኝ አውራ ጣታቸው በጫማ ቀለም ጠቁሮ እንደ ከሰል ሆኗል።

ሊለኩኝ እጃቸውን ወደ እግሬ ሲሰዱ እናቴ ከመቀነቷ ነጭ ፈትል አወጣች። «ለክቼዋለሁ» አለች።

ያኔ ጫማ የሚገዛለት ሰው ገበያ መምጣት ካልቻለ እግሩ ቤቱ በፈትል ይለካል። ከተረከዝ እስከ ጣት ይዘረጋና ይቋጠራል፤ ሻጩ ያንን ፈትል ጫማው ውስጥ አስገብቶ ያየዋል። እኔ ግን እዚያው ቆሜያለሁ፤ ለምን ፈትል አስፈለገ? መቼ እንደለካችኝም ትዝ አላለኝም። ተኝቼ ሳለ ይሆናል አልኩ።

ጋሽ ያሕያ ፈትሉን ሳብ አድርገው ቋጠሮውን አዩ። የእኔን እግር አዩ። ከዚያ የእናቴን እግር አዩ።

«አቀበት ነው ቁልቁለት የሚሮጠው?»

«ቁልቁለት ይበዛዋል» አለች እናቴ።

ገረመኝ። የእኛ ሩጫ እኮ እስከ ቁስቋም አቀበት ብቻ ነው። «እማዬ፣ አቀበት...» ብዬ ስጀምር ክንዴን ጨመቅ አደረገችኝ።

«መንገዱስ ሩቅ ነው?»

«ሩቅ ነው።»

«እንግዲያው ልኩን አልሰጥሽም እህቴ። ቁልቁለት እግርን ወደ ፊት ይገፋል። ጫማው ልክ ከሆነ ጣት ጫፉን ሲመታ ይውልና ጥፍር ይነቅላል፤ ጥፍሩ የተነቀለ ሰው ደግሞ የትም አይደርስም። ከፊት አውራ ጣት የምታህል ቦታ ትቀመጥ። ከኋላ ተረከዙ እንዳይጫወት ሁለት ካልሲ ይደረብ፣ ማሰሪያው ከላይ ጠበቅ ይበል።» ነጭ ሶል ያለው ሰማያዊ ሸራ አነሡ፣ ፈትሉን ዘረጉበት፣ ጫፉን በዚያ ጥቁር አውራ ጣታቸው ተጫኑት። «ይኸው።»

እግሬን ከተትኩ። ውስጡ ጠፋ። ሰፊ ነው ልል አፌን ስከፍት ከኋላችን አንድ ድምፅ «ጓድ ጽጌረዳ» አለ። የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ ቦጋለ ነበር፤ ጠመንጃው ትከሻው ላይ፣ ሸንኮራ እየጋጠ።

«ለማን ነው ጫማው?»

«ለልጄ ነው። ለየካቲቱ ሩጫ።»

ቦጋለ እግሬን አየና ሳቀ። «ይህ ጫማ ነው ጀልባ? መቅዘፊያ አብረሽ ግዢላት እንጂ።»

በዙሪያው ያለው ሁሉ ሳቀ። እናቴም አብራ ሳቀች፤ እንዲያ ያለ ሳቅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም።

«ልጅ ያድጋል ጓድ» አሉ ጋሽ ያሕያ ቀና ሳይሉ። «ጫማ አያድግም።»

«እሱስ እውነት ነው» ብሎ ቦጋለ ሸንኮራውን እየጋጠ አለፈ። ወደ ቤት ስንሄድ የእናቴ መዳፍ በላብ ርሶ ከእጄ እየሾለከ አስቸገረኝ።

ቤት እንደገባን «አዲስ ሸራ እግር ይልጣል። መጀመሪያ እኔ ላለስልስልሽ» አለችኝ። በማግስቱ ማለዳ ጫማዬን ተጫምታ፣ ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ቁስቋም ወጣች። በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም እንዲሁ። ጎረቤቱ ጉድ አለ። «ጽጌረዳ ተመለሰች፤ ኪዳን ታስደርሳለች» ተባለ። የግቢያችን አከራይ ገበያነሽ ቧንቧው ጋ ቆማ «እመቤታችን በጆሮዋ ጎትታ አመጣቻት» ስትል ሰማሁ። በዚያ ሳምንት ልጆቹ ለመጀመሪያ ጊዜ መሐረቡን ከኋላዬ ጣሉት። ደንግጬ ማንሣቱን ረሳሁ።

እኔ ግን እናቴን ተቀየምኳት። ጫማው የእኔ፣ ደስታው የእሷ። አንድ ቀን ሥራ ሳለች ደብቄ አወጣሁትና ግቢው ውስጥ ሮጥኩበት። ተረከዜ ወለቀ፣ ጫፉ ታጠፈ፣ በአፍ ጢሜ ተደፋሁ። «ጀልባዋ ሰመጠች» አለ አንዱ ልጅ። የቦጋለ ቀልድ ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ገብቷል። መሐረቡም ቀረ።

እናቴ ስትመጣ ጫማውን ወረወርኩላት። «ሰፊ ነው። የልጅሽን ልክ አታውቂም?»

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ጫማውን አነሣችና አቧራውን በጋውኗ ጠረገችው። «አውቃለሁ» አለች። «እቀይርልሻለሁ።» ከዚያ ቀይ ክር መዘዘች። «ቁሚ። ሁለቱንም እግርሽን እኩል ርገጪ።» ተንበርክካ ቀኜን ለካች፣ ግራዬን ለካች። ግራዬ በለጥ ይል ነበር፤ በግራው ቋጠረችው። ቋጥራም አልተነሣችም። ግንባሯን እግሬ ላይ አሳርፋ ቆየች። የምትጸልይ መሰለኝ። ፀጉሯ ጣቶቼን ኮረኮረኝና ሳቅኩ።

በነጋታው ጎህ ሲቀድ ልብሴን በጨርቅ ቋጥራ እትዬ ደሳለች ቤት ወሰደችኝ። ጫማው እግሯ ላይ ነው።

«ጫማሽን ልቀይር መሄዴ ነው» አለችኝ።

«እያደረግሽው?»

«አድርጌው ሄጄ የአንቺን ይዤልሽ እመጣለሁ።»

«ዛሬ?»

«ልክሽን እንዳገኘሁ። ብርቄ፣ ማንም ቢጠይቅሽ ይህንኑ ንገሪ። እናቴ ጫማ ልትቀይርልኝ አዲሱ ገበያ ሄደች በይ። እውነት ነው አይደል?»

«እውነት ነው» አልኳት።

ወደ ገበያው አልዞረችም። ወደ ቁስቋም አቀበት ታጠፈች። ለመጨረሻ ጊዜ ልታለሰልሰው ነው አልኩ። ከነጠላዋ ሥር ነጩ ሶል ብልጭ እያለ ራቀ።

ረፋዱ ላይ ቦጋለ ሌሎች አስከትሎ መጣ። እትዬ ደሳለች ፈትል እየጠቀለለች ነበር፤ እጇ ቆመ። ቦጋለ እሷን ትቶ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«እናትሽ የት ሄደች?»

«ጫማ ልትቀይርልኝ። አዲሱ ገበያ።»

«ምን ሆኖ?»

«ሰፊ ነው። ራስዎ ጀልባ ነው ብለው የለ?» አልኩና አለቀስኩ። ከልቤ ነበር ያለቀስኩት፤ ሰፈሩ ሁሉ የሳቀብኝ በእሱ ነው።

ቦጋለ ጓደኞቹን አያቸው። «እውነቷን ነው፤ ጫማውን በዓይኔ አይቼዋለሁ» አለ። ወደ አዲሱ ገበያ ሄዱ። እስኪመሽ እዚያው ጠበቋት አሉ።

ያን ጊዜ እናቴ የእንጦጦን ራስ በእግሯ ተሻግራ፣ ሱሉልታ ላይ ወደ ጎጃም የሚሄድ የጭነት መኪና ተሳፍራ ነበር። የከተማው መውጫ ኬላ ከታች ቀረ። በየማለዳው ወደ ቁስቋም ስትወጣ ያየ ሁሉ ለምዷት ነበርና ያስቆማት የለም። ይህን ሁሉ የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጫማው ሰፊ ነው ባልል እናቴ አትሄድም ነበር።

የሩጫው ቀን መነሻው ላይ ቆምኩ። ስሜ ሲጠራ «ጫማዬ እየመጣ ነው» አልኩ። ፊሽካው ተነፋ፣ ልጆቹ ሄዱ፣ አቧራው እኔ ላይ ቀረ። ወደ ገበያው የሚያወርደውን መንገድ እያየሁ ሁሉም ተመልሰው እስኪመጡ እዚያው ነበርኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ የጋሽ ያሕያ ጆንያ ጫፍ ላይ መቀመጥ ጀመርኩ።

«ቀየረች?» እላለሁ።

«ገና ናት» ይሉኛል።

አንድ ቅዳሜ አልቻልኩም። «ስትመጣ ሰፊ አይደለም ይበሉልኝ። ልኬ ነው ይበሏት። እሷ ብቻ ትምጣ» አልኳቸው። ጋሽ ያሕያ የያዙትን ጫማ ሲወለውሉ ቆዩ። ግራ ቀኝ አዩ። «ስሚ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያ ጫማ ሰፊ አልነበረም። የአንቺ ልክ ደግሞ ከሩቅ ነው የሚመጣ።» ሊያባብሉኝ የዋሹ መሰለኝ። እግሬን አስገብቼ አይቼዋለሁ፤ ሰፊ ነበር።

እትዬ ደሳለች የእናቴን ስም አታነሣም። ፎቶግራፏንም ከግድግዳ አውርዳ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ስለምትጠላት ነው ብዬ ደመደምኩ። ልጅ አፉን አይጠብቅም ብላ እንደሆነ፣ በየወሩም ቁስቋም እየወጣች በእናቴ ስም ጧፍ ታበራ እንደነበር በኋላ ነው የነገረችኝ። ለጴንጤ ጧፍ። «ማን ይሰማል ማን አይሰማም እኔ ምን አውቄ» አለች።

ከሁሉ የባሰኝን ግን ልንገራችሁ። እግሬ ማደግ ጀመረ። እናቴ የያዘችው ያንን ቀይ ክር ነው፤ ጫማዬን የምትገዛው በዚያ ነው። እግሬ ካደገ ይጠበኛል፤ ከጠበበኝ ደግሞ እንደገና ልትቀይር ትሄዳለች። ስለዚህ ስተኛ እግሮቼን በመቀነት ጥብቅ አድርጌ መጠቅለል ያዝኩ። አንድ ማለዳ እትዬ ደሳለች ብርድ ልብሱን ገልጣ አየችው። ምንድን ነው አላለችም። መቀነቱን ፈታች፣ የገረጡትን ጣቶቼን አንድ በአንድ በመዳፏ አሸት አሸት አደረገችና ውጭ ወጥታ ብዙ ቆየች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። የጥጥ ብናኝ ገብቶባት ነው አልኩ።

ደርግ በወደቀ በዓመቱ አንዲት ሴት ደጃችን ቆመች። ሠርካዲስ እባላለሁ አለች። ከእናቴ ጋር በዚያ መኪና የተሳፈረች፣ ከጎንደር ወዲያ እስከ ሱዳን ድንበር ቆላውን በእግር አብራት የወረደች ናት።

«ቁልቁለቱ ጥፍራችንን ጨረሰው» አለችኝ። «የእናትሽን ግን አልነካትም። የእኔን ስንቅ ጨምራ ተሸክማ ከፊት ከፊት ትሄዳለች። ሲመሽ ጫማዋን አውልቃ ‹ጋሽ ያሕያ ይባረኩ› ትላለች። ያሕያ ማነው እላታለሁ፤ ትስቃለች።»

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ገብተው እናቴ ሆስፒታል ውስጥ ወለል ማጠብ አገኘች። በመጀመሪያ ደመወዟ አንድ ነገር ገዛች። በተከታዩ ክረምት ወባ ገደላት።

እትዬ ደሳለች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ሠርካዲስ ከቦርሳዋ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ጭኔ ላይ አኖረችው። «ልጄ አንዴ አልቅሶ ለመነኝና አልጋ ላይ ለአንድ አፍታ አደረግኩለት። ወዲያው አውልቄዋለሁ» አለች።

ፈታሁት። የሩጫ ጫማ ነው፤ ነጭ፣ ትንሽ፣ ሶሉ መሬት ያልነካ። ከውስጡ ቀይ ክር ወደቀ፣ ጫፉ ላይ ቋጠሮ አለው። እኔ የሃያ አራት ዓመት ሴት ነኝ። አንዱ ጫማ መዳፌ ላይ ይቀመጣል። ያን ዕለት ነው የነጩ ፈትል የማን እንደነበረ የገባኝ። የራሷን እግር ለክታ፣ የእኔን እግር ገበያ አቁማ፣ መንገዷን በእኔ ስም ገዛች። ጫማሽን ልቀይር መሄዴ ነው ያለችኝ ግን ውሸት አልነበረም።

ቅዳሜ ሲደርስ ይዤው አዲሱ ገበያ ሄድኩ። የሚሸጠው የጋሽ ያሕያ ልጅ ሸፊ ነው። እሳቸው ከጎኑ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ጠፍቷል፣ አውራ ጣታቸው ግን ዛሬም ጥቁር ነው። እንደ ድሮው ጆንያው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ማን እንደሆንኩ አልተናገርኩም። ጫማውንና ክሩን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ።

ቋጠሮውን ዳሰሱት። ክሩን ጫማው ውስጥ ቀስ አድርገው ዘረጉት። ከዚያ ጫፉን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት።

«ቀየረች?» አሉ።

«ቀየረች» አልኩ።

አውራ ጣታቸውን አላነሡም። «ልክ ነው» አሉ። «ማደጊያም ትታልሻለች።»